ጫማ የሚወለቅበት ክፍል

የአዴ ብርቄን ሞት የሰማሁት ከጉደር ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በስልክ ስታወራ፣ «ያቺ በቤቷ ድንች ታበቅል የነበረችው ሴትዮ አረፈች፤ ቀብሯ ነገ እዚሁ አምቦ ነው» አለች። ስሟን አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋትም። አምቦ ውስጥ በመኝታ ቤት ድንች ያበቀለች ሴት አንድ ብቻ ናት። ታማ ስለከረመች ሞቷ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ መቃብሯ ነው። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት፣ «እኔን የምትወስዱኝ እንጭኒ፣ አባቴ አጠገብ ነው» ስትል ያልሰማ የመሥሪያ ቤታችን ሰው የለም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ታውቃለች። ሴትየዋ ቀጥላ፣ «ባሏ እዚህ ስላረፈ ይሆናል» አለች። እኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የማውቀውን ግን ለማንም ስለማልናገር፣ እንደ ጥፋተኛ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አዴ ብርቄ ከእኔ ጋር በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት የሠራች የዘር ባለሙያ ነበረች። «አዴ» የምንላት እንደ አካባቢያችን ወግ ነው፤ ወይዘሮ እንደማለት። እኔ ዕቅድና ሪፖርት ክፍል ስለነበርኩ ስለ ዘር የማውቀው ሠንጠረዥ ውስጥ የሚገባውን ያህል ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስላት፣ «ወንድሜ፣ አንቺ በለኝ፤ አንቱ ስባል የምሞት ይመስለኛል» ብላ ከለከለችኝ። ረጅም ናት፣ ከሲታ፣ ስትራመድ የምትቸኩል። ስታስብ መዳፏን ገልብጣ በእጇ ጀርባ አየሩን ትዳስሳለች። ስብሰባ ላይ ሳይቀር ታደርገዋለች፤ መስኮቱ ይከፈት ወይም ይዘጋ የምትለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ያሰበችውን ፊት ለፊት ትናገራለች፣ ተናግራም ትረሳዋለች። የሰማው ሰው ግን አይረሳም። እኔ ደግሞ የሰው እፍረት የሚይዘኝ ፍጡር ነኝ። ሰርግ ላይ ሚዜው ንግግር ሲጠፋበት ላብ የሚያጠምቀው እኔን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከእሷ ጋር መወዳጀቱ ራሱ ቅጣት ነበር፤ ቢሆንም ተወዳጀን።

የድንቹ ነገር የመጣው ከአባቷ መንደር ነው። እንጭኒ አጠገብ ባለው በዚያ መንደር «ቀዩ» የሚባል ድንች ነበር፤ ቶሎ የሚበስል፣ ሳይበላሽ የሚከርም፣ ሰዉ የሚኮራበት። አንድ ክረምት አጠውልግ የሚሉት በሽታ ገባበት። ጠዋት ለምልሞ የታየው ድንች ከሰዓት በኋላ አንገቱን ይደፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ማሳው እንዳለ ይጠፋል። ይህ በሽታ አፈር ውስጥ ይቀመጣል፤ ከማሳ ወደ ማሳ በዘር፣ በውኃ፣ በዶማና በጫማ ይሄዳል። ይህንን ለመንደሩ ሰው ያስተማረችው ራሷ ብርቄ ናት፤ ዛፍ ሥር ሰብስባቸው፣ የራሷን ጫማ አውልቃ ሶሉን እያሳየች።

ካስተማረች በኋላ የአባቷን ድንች ይዛ አንድ የምታውቀው የቤተ ሙከራ ሰው ዘንድ ሄደች። ሰውየው በሽታ የሌለባቸውን ጥቂት ቡቃያዎች በብልቃጥ ውስጥ አበቀለላት። ብዙ ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ፤ በዚያ ቤተ ሙከራም የቀረ ቡቃያ አልነበረም። ንጹሑ «ቀዩ» የሚገኘው በአዴ ብርቄ ቤት፣ ልጆቿ አድገው ከወጡ በኋላ ባዶ በቀረው መኝታ ቤት ውስጥ ብቻ ሆነ። ለመንደሩ ሰው፣ «ለመስኖ እርሻ ችግኝ አደርስላችኋለሁ» ብላ ቃል ገባች። እነሱም አመኗት። ከእንጭኒ ገበያ የሚመለስ ሹፌር ሁሉ፣ «ድንቹ እንዴት ሆነ? ብለውሻል» የሚል መልእክት ያመጣላት ነበር።

ያንን ክፍል መጀመሪያ ሳየው የሳቅኩት በመብራቱ ነው። ቀይና ሰማያዊ አምፖሎች ተደባልቀው ግድግዳውን ሐምራዊ አድርገውታል።

«ጭፈራ ቤት ከፈትሽ እንዴ?» አልኳት።

«ቅጠል የሚወደው ይህንን ነው። ላንተ አይደለም ያበራሁት» አለችኝ።

በብረት መደርደሪያዎቹ ላይ እናት ተክሎቹ ተደርድረዋል። ከእነሱ ጫፍ ጫፉን ቀንበጥ እየቆረጠች ሳጥን ውስጥ ሥር ታስይዘዋለች፤ ቀንበጡ ችግኝ ይሆናል፣ ከችግኙም ደግሞ ይቆረጣል። ጭንቋ እናቶቹ እንዳያረጁ ነው። ድንች ቀኑ ሲያጥርበት ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ሥሩ ላይ ወደ ማፍራት ያዘነብላል፤ ያኔ ቀንበጡ ይደክማል። ስለዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም መብራቱ በታይመር እየበራ ቀናቸውን ያስረዝምላቸዋል። «ልጆች ናቸው፤ መሸ ካልካቸው ይተኛሉ» ትላለች።

አየሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ ማራገቢያ ክሽክሽ የሚሉትን ጥቃቅን የቅጠል ተባይ በማያሳልፍ ወንፊት በኩል ንጹሕ አየር ያስገባል፣ ሌላው የታፈነውን ያስወጣል። ነፋሱ ሲበዛ ቀንበጡ ይደርቃል፣ ሲያንስ ሻጋታ ይመጣል። ልኩ፣ ቅጠሉ ሰው «እሺ» ሲል ራሱን የሚነቀንቀውን ያህል ሲነቀነቅ ነው። ሙቀቱንና እርጥበቱን የሚለካ ትንሽ ነጭ ሴንሰር ክፍሉ መሀል ተንጠልጥሏል፤ አየሩ ሲደርቅ ወይም ሲታፈን ወደ ስልኳ መልእክት ይልካል። ስብሰባ መሀል ስልኳ ጢጥ ካለ ተነሥታ ትወጣለች። ኃላፊያችን አንድ ቀን፣ «አዴ ብርቄ፣ ስብሰባ ላይ እኮ ነን» ቢላት፣ «እናንተ ቀጥሉ፤ እኔ የሚተነፍስ ነገር ቤት ትቻለሁ» ብላው ወጣች። ሰዉ ሳቀ። እኔ የኃላፊውን ፊት አይቼ አቀረቀርኩ።

ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት ሴንሰሩ መልእክት መላኩን አቆመ። እሷ ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ሰቅላ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአየሩን ድርቀት ይነግራታል። እኔንም አስተማረችኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ቀንበጥ ስትቆርጥ እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምታስነሣው ማራገቢያውን ነው፣ አምፖሉን አይደለም። «ጨለማ ይችላሉ፤ መታፈን አይችሉም» ትላለች። የመጀመሪያዎቹ ቀንበጦች ሥር የያዙ ዕለት አንዷን ነቅላ፣ እንደ ክር የቀጠነውን ነጭ ሥር ለባለቤቷ ለጋሽ ኃይሉ አሳየችው። ጋሽ ኃይሉ መነጽሩን አድርጎ ካየ በኋላ፣ ቀስ ብሎ አጨበጨበላት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም።

የክፍሉ ሕግ አጭር ነው፤ ጫማ ውጭ ይወለቃል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ለማንም አይለወጥም። ኃላፊያችን እንግዶች ይዞ ሊያሳይ ሲመጣ ካልሲው ተቀዶ ኖሮ አላወልቅም አለ፤ እንግዶቹን አስገብታ እሱን ውጭ አስቀረችው። የነፍስ አባቷ ቤቱን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ በሩ ላይ ቆማ፣ «አባ፣ ጸበሉ ፈልቶ ነው?» አለቻቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው መስቀላቸውን እንደያዙ ትንሽ አሰቡና፣ «አልፈላም፣ ልጄ» ብለው ደፉን ብቻ ረጭተው ሄዱ።

ከሁሉ የከፋው የኦቦ ደበላ ነው፤ «ኦቦ» አቶ እንደማለት ነው። ኦቦ ደበላ የአባቷ ጓደኛ፣ በልጅነቷ በትከሻቸው ተሸክመው ወንዝ ያሻገሯት የመንደሯ ሽማግሌ ናቸው። በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ እርጎ በቅል ይዘው፣ በሆለታ ዞረው መኪና ቀይረው፣ መንደሩ ተስፋ የጣለበትን ድንች ሊያዩ መጡ። ወደ ክፍሉ ሲያመሩ በሩ ላይ ቀደመቻቸው።

«ጫማዎን ያውልቁ፣ ኦቦ ደበላ።»

«ኢንተለ ኮ፣» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ወገቤ እኮ አይታጠፍም። አንዴ ብቻ አይቼ ልውጣ፣ ማሎ፣ እባክሽ።»

«ወንበር ላምጣልዎት፤ ቀስ ብለው ያውልቁ።»

«የእኔ እግር ነው ቤትሽን የሚያቆሽሸው?»

«ከማሳ ነው የመጡት?»

«ከማሳ ነዋ። ከየት ልምጣ?»

«እንግዲያው በመስኮት ይዩት።»

በመስኮት አዩ። ምን እንደታያቸው እንጃ፤ መስታወቱ በእንፋሎት ደብዝዟል። ምሳ ቀርቦላቸው አልበሉም። ሲወጡ እንደ ወጉ መመረቅ ነበረባቸው፤ አልመረቋትም። ጋሽ ኃይሉ ምሳውን በሳህን አድርጎ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ እስከ መናኸሪያ ሸኛቸው፤ እሷ ያስቀየመችውን ሁሉ የሚያስታርቀው እሱ ነበር። ይህኛው ግን አልታረቀለትም። በኋላ ኦቦ ደበላ መንደር ገብተው፣ «ብርቄ ቤት ድንች ይገባል፣ እኔ አልገባም» ማለታቸውን ሰማን። እሷ፣ «ለእሳቸው ብዬ ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለብዙ ቀን ያፈርኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጋሽ ኃይሉ በድንገት ሞተ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ። በሠልስቱ ቀን ዝናቡ ጉድ ሆኖ ወረደ፤ የድንኳኑ ሸራ ውኃ አቁሮ መሀሉ ላይ ተቀደደ። ሳሎኑ ሞልቷል፣ የጎረቤቶቹም ቤት ሞልቷል። ያን ጊዜ የእንጭኒ ሰዎች ደረሱ። ኦቦ ደበላ ከፊት፣ ወንዶቹና ሴቶቹ ከኋላ፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ሆነው፣ ጋቢያቸው ውኃ እያንጠባጠበ። መግቢያ አጥተው ግቢው ውስጥ ቆሙ። ከዕድርተኞቹ አንዱ የተቆለፈውን በር አይቶ፣ «ይኼ ክፍል ምንድን ነው?» አለ።

«ድንች ነው» አለው ሌላው።

«ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ድንች ቤት ውስጥ?»

ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ተሰማ። አዴ ብርቄ ከፍራሹ ላይ ተነሣች። እሷ ፊት ላይ እፍረት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከአንገቷ ክር ቁልፉን አውጥታ በሩን ከፈተች፤ ገብታም ሐምራዊውን መብራት አጠፋች። ለሐዘን ቤት የሚሆን ብርሃን አልነበረም። የረጠበው ለቀስተኛ እንዳይበርደው ማራገቢያውንም አጠፋችው። ኦቦ ደበላ ደፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ በሩን ተደግፈው ወደ ጫማቸው ለማጎንበስ ሞከሩ። እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ይተዉት። ይግቡ» አለቻቸው።

ሌሎቹም ተከትለዋቸው ገቡ። ቦታ እንዲገኝ የታችኛው መደርደሪያ ሳጥኖች ከነችግኛቸው ወርደው መሬት ላይ ተደረደሩ፤ ባዶው መደርደሪያ መቀመጫ ሆነ። እርጥብ ጋቢ በላይኛው ላይ ተሰጣ። ንፍሮ ዞረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ከጫማዎቹ እየቀለጠ የሚወርደውን ጭቃ አየሁ። ዓይኔ ከዓይኗ ሲገጥም ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

መስከረም ሳይጋመስ አንዷ ተክል አንገቷን ደፋች። ብርቄ ግንዷን በምላጭ ቆርጣ ንጹሕ ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠለችው። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከተቆረጠው በኩል ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። የአጠውልግ ምልክቱ ያ ነው። ውኃው እስኪደፈርስ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። በማግስቱ እናቶቹንም ችግኞቹንም ጓሮ አውጥታ አቃጠለቻቸው።

«ያልታመሙትንስ?» አልኳት።

«ያልታመመ የለም። ገና ያልታየበት ነው ያለው።»

«ለእንጭኒ ሰዎች እኔ እነግርልሻለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እንዴት እንደሆነ ነዋ።»

«ላልቅስልሽ ብሎ በዝናብ የመጣን ሰው፣ ጫማህ ነው ያጠፋው ይባላል? ኦቦ ደበላን አንዴ ከበር መልሻቸዋለሁ፤ እሱ ይበቃኛል። ወንድሜ፣ አደራህን፤ ከአፍህ እንዳይወጣ።»

ኅዳር ላይ ማሳቸውን አርሰው፣ እሷን ተማምነው ሌላ ዘር ሳይፈልጉ፣ ችግኙን ሊወስዱ መጡ። ሳሎን አስቀመጠቻቸውና፣ «አጥፍቻቸዋለሁ» አለች። «ባሌ ሲሞት ሐሳቤ ተበተነ። ውኃ አበዛሁባቸው፣ አየሩንም ረሳሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ አንድ ወጣት፣ «እኛን ጫማ ስታስወልቂ ከርመሽ ራስሽ ገደልሽው?» አለና ሳቀ። ሌሎቹ ወጣቶችም ሳቁ። ብርቄ አብራቸው ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ኦቦ ደበላ መሬት መሬት እያዩ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። ይህችን ሴት፣ ይሉኝታ የላትም እያልኩ ስንት ዓመት አምቻታለሁ።

ያን ዓመት መንደሩ ዘር ፍለጋ ተንከራተተ፤ ብዙው ማሳ ጾም አደረ። እንጭኒ ገበያ ላይ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው «የብርቄ ድንች» ይባል ጀመር። ይህም ጆሮዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ መንደሯን አልረገጠችም። ሰርግ ሲጠሯት አሞኛል ትላለች፤ የአባቷን ሙት ዓመት እንኳ እዚሁ አምቦ ነው ያሰበችው። አምፖሎቹን ነቅላ፣ ሴንሰሩን አውርዳ፣ ክፍሉን ለተማሪ አከራየችው። እኔ ግን በመንደሩ ሰው ላይ ቂም ያዝኩ። ምንም የማያውቁ፣ ውለታ የማይገባቸው ሰዎች አድርጌ ነበር የማስባቸው።

ከመሞቷ በፊት ልጠይቃት ስሄድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ኦቦ ደበላ ደኅና ናቸው?» አለችኝ።

«ደኅና ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ስለ እኔ አይጠይቁም?»

አይጠይቁም ማለት አፍሬ፣ «ይጠይቃሉ» አልኳት። መዋሸቴን አውቃለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለለቅሶዋ ኦቦ ደበላ መጡ። በጣም አርጅተዋል፤ ሁለት ጎልማሶች ደግፈው አጠገቤ አስቀመጧቸው። «አባቷ አጠገብ ቦታ ነበራት» አሉኝ። «ለምንድን ነው እዚህ የተቀበረችው?»

አደራው አለ፤ ግን እሷ ሞታለች፣ ስሟ ደግሞ ገበያ ላይ መሳቂያ ሆኖ ቀርቷል።

«እናንተን አፍራ ነው» አልኳቸው። «ያ ድንች ውኃ በዝቶበት አይደለም የጠፋው። ያን የለቅሶ ቀን...»

«አውቃለሁ» አሉ።

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«የባሏ መርዶ ሲደርሰኝ ማሳ ውስጥ ነበርኩ። በዚያው ጫማ ነው የመጣሁት። በሽታው በጫማ እንደሚሄድ ያስተማረችን እሷው ናት፤ ረሳሁት ብል እግዜር ይታዘበኛል። ኅዳር ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው ስትል ወዲያው ገባኝ። ሽማግሎቹ ሁሉ ገብቷቸዋል።»

«ታዲያ ልጆቹ ሲስቁባት?»

«ዝም አልን። እናውቃለን ብንላት፣ ያን ቀን ከበር ብትመልሽን ይሻል ነበር ያልናት መሰለን። አፈርን። መንደር ስትመጣ እንነግራታለን አልን፤ እሷም አልመጣችም።» ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «አንተስ? ካወቅህ ለምን አልነገርከንም?»

«አትናገር ብላ አደራ ብላኝ ነው።»

«ኤዬ፣ አዎን፤ አንተስ አደራ አለብህ» አሉ ኦቦ ደበላ። «እኛን ማንም ዝም በሉ አላለንም።»